የባቡሩ ገንዘብ በሄደበት፦ ከቤተዝዳ እስከ ቤይቪው

ቤተዝዳ

የቤተዝዳ ሜትሮ ጣቢያ ከመሬት በታች ጠልቆ የተሠራ ነው። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ሰዉን ቀስ እያለ ወደ ላይ ያወጣል፤ የቸኮለ በግራ በኩል እየዘለለ ያልፋል። ላይ ስደርስ ከጣቢያው በስተደቡብ የግንባታ አጥር አየሁ። እዚያ አዲስ መግቢያ ይሠራል፤ ወጪውን የሚሸፍነው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ከመግቢያው አጠገብ የሚነሣው ፐርፕል ላይን የተባለው ቀላል ባቡር ግን የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ነው። ከሥር የሚሮጠው ሜትሮ ደግሞ የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዋሽንግተን ዲሲ የጋራ ሀብት ነው። ተሳፋሪው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ይህን ሁሉ ባለቤት አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። እኔ ግን የመጣሁት ይህንኑ ለማየት ነው፦ ማን ይከፍላል፣ ማን ይቆጣጠራል፣ ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚጠብቀውስ ማን ነው?

ፐርፕል ላይን ከቤተዝዳ ተነሥቶ በስተምሥራቅ እስከ ኒው ካሮልተን 26 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ 21 ጣቢያዎች አሉት። ዋሽንግተን አይገባም። ጥቅሙም ያው ነው። የሜትሮ መስመሮች ሁሉ ወደ ዲሲ መሐል ስለሚገቡ፣ ከአንዱ የሜሪላንድ ሰፈር ወደ ጎረቤቱ ለመሄድ መጀመሪያ ዋና ከተማው ድረስ ወርዶ ተመልሶ መውጣት የግድ ነው፤ አለዚያ በትራፊክ መሐል በአውቶቡስ መጓተት ነው። አዲሱ መስመር አራት የሜትሮ ጣቢያዎችንና ማርክ የተባለውን የክፍለ ግዛቱን ባቡር ሦስት መስመሮች ያገናኛል። በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት በ2022 ሥራ መጀመር ነበረበት (ዓመቶቹን ሁሉ በአሜሪካው አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አሁን የሚባለው 2027 መጨረሻ ግድም ነው።

ከቤተዝዳ የሚወጣው የባቡሩ ጎዳና አዲስ አይደለም። ጆርጅታውን ብራንች የተባለ የዕቃ ባቡር መስመር ነበረበት። ባቡሩ በ1985 ሲያቆም ካውንቲው በ1988 መሬቱን ገዝቶ ያዘው። አንድ ቀን የሕዝብ ማመላለሻ እንዲያልፍበት ታስቦ ሲጠበቅ፣ በመሐሉ ዛፍ አጎንብሶበት የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆነ። መንገዱን የወደዱ ነዋሪዎች ፕሮጀክቱን ፍርድ ቤት አቆሙት። በነሐሴ 2016 አንድ የፌዴራል ዳኛ የአካባቢ ጥበቃ ፈቃዱን ሻሩ፤ ሥራው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ተጓተተ። የነዋሪዎቹ ሐዘን ይገባኛል። ጥላ ያለው መንገድ በዚህ አገር ውድ ነገር ነው። ግን ካውንቲው ያን መሬት ያኔ ገዝቶ ባያስቀምጠው ኖሮ ዛሬ ክርክሩም ባቡሩም አይኖርም ነበር፤ በጉዞዬ ሁሉ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ። የአካባቢው አስተዳደር አስቀድሞ እጁን ያስገባበት ሥራ በቀላሉ አይሰረዝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከቤተዝዳ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በአውቶቡስ ሄድኩ። የሕንፃው ማስታወቂያ፣ የምግብ ቤቱ ሽታ፣ መንገድ ዳር የሚሰማው ወሬ ሁሉ ሌላ ሆነ። ፌንተን ጎዳና ላይ አማርኛ የተጻፈበት መስኮት ብርቅ አይደለም። ቦኒፋንት ጎዳና ደግሞ ባቡሩ ራሱ የሚያልፍበት ነው፤ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ትንንሽ ሱቅ ነው፣ አስፋልቱ መሐል ሐዲድ ተነጥፏል።

አንዲት ባለሱቅ ቡና ቀድታ አስቀመጠችኝ። «ወንድሜ፣ እኛ ባቡሩን አልጠላንም» አለችኝ። «ሲመጣ ደንበኛ ይዞ ይመጣል ብለን ነው የታገሥነው። ግን መኪና ማቆሚያ ጠፋ፣ መንገዱ ዛሬ ይዘጋል ነገ ይከፈታል። ኪራዩ ግን አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም።» በምትኖርበት አካባቢም ኪራይ ጨምሯል። ባቡር ይመጣል ሲባል መሬት ቀድሞ ይወደዳል፤ ባቡሩን የምትጠብቀው ሴት ባቡሩ ሲደርስ እዚያው ሰፈር ስለመኖሯ ዋስትና የላትም። ይህ ሥጋት ቀድሞ የታያቸው አሉ፦ ከ2013 ጀምሮ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የመስመሩን ሰፈሮች የሚመለከት ጥምረት ተቋቁሞ ስለ ቤትና ስለ አነስተኛ ነጋዴዎች ይሟገታል። ባቡሩን የሚያሠራው ውል ግን የሚናገረው ስለ ሐዲድ፣ ስለ ጣቢያና ስለ ክፍያ ነው።

ውሉን እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ፤ የገንዘቡ ነገር እዚያ ውስጥ ነውና። ሜሪላንድ በ2016 ከአንድ የግል ኩባንያዎች ስብስብ ጋር የ36 ዓመት፣ የ5.6 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈራረመች። ኩባንያዎቹ ይሠራሉ፣ ከፊሉን ገንዘብ ያፈላልጋሉ፣ ከዚያ ባቡሩን ያስኬዳሉ፤ ክፍለ ግዛቱ ደግሞ ባቡሩ በሰዓቱና በንጽሕና እስከሄደ ድረስ በየጊዜው ይከፍላቸዋል። ከትኬት የሚገኘው ገቢ የክፍለ ግዛቱ ነው፤ ተሳፋሪ ቢቀንስ ኪሳራውም የክፍለ ግዛቱ ነው። ዋሽንግተን፣ ማለትም የፌዴራሉ መንግሥት፣ 900 ሚሊዮን ዶላር በእርዳታ፣ 875 ሚሊዮን ዶላር በብድር ሰጠች። ግንባታው በ2017 ነሐሴ ተጀመረ።

በ2020 መስከረም ተቋራጩ ጥሎ ወጣ። በመዘግየቱ ምክንያት የተጠራቀመውን ወጪ ማን ይክፈል በሚለው ላይ መስማማት አልቻሉም። ቦኒፋንትና ዌይን ጎዳናዎች ተቆፍረው፣ ምሰሶዎች ግማሽ ላይ ቀርተው፣ የክፍለ ግዛቱ ትራንዚት አስተዳደር ከመቶ በላይ ንዑስ ውሎችን ራሱ ተረክቦ ሥራው ጨርሶ እንዳይቆም ታገለ። ክርክሩ በ250 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ ተዘጋ። አዲስ ተቋራጭ ተፈልጎ በ2022 ጥር የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የግንባታ ውል ጸደቀ፤ የሙሉው ስምምነት ዋጋም 9.3 ቢሊዮን ደረሰ። በ2023 ሌላ 148 ሚሊዮን፣ በ2024 ሌላ 415 ሚሊዮን ተጨመረ። ባለሱቋ እነዚህን ቁጥሮች አታውቃቸውም። እሷ የምታውቀው መንገዱ ጸጥ ብሎ የቆየበትን ጊዜ ነው፤ አጥሩ ቆሞ፣ ሠራተኛ ሳይታይ። ብልሽት በመጽሐፍ ላይ ሲጻፍ ገንዘብ ነው፤ በቦኒፋንት ጎዳና ላይ ግን ሳይሸጥ የመሸ ቀን ነው።

ከሱቁ ወጥቼ ወደ አውቶቡስ ተርሚናሉ ሄድኩ። ሦስት ፎቅ ያለው ትልቅ ሕንፃ ነው፤ ለሜሪላንድ ሴናተር ለፖል ሳርቤንስ መታሰቢያ ተሰይሟል። ካውንቲው አሠርቶ ለሜትሮ ሊያስረክብ ታስቦ፣ ኮንክሪቱ ጉድለት ተገኝቶበት ለዓመታት ዘግይቶ በመስከረም 2015 ተከፈተ። በዚያው ወር አዲስ አበባ ላይ ቀላል ባቡሩ ሥራ ጀምሮ ነበር። 475 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት፣ 85 በመቶው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር የተሠራ፣ ስንቱን ሰው ያስደሰተ ባቡር! ከጊዜ በኋላ ግን ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ለመሥራት ብድር ተገኘ፤ ለማደስ ግን ማን ከየትኛው ካዝና በየዓመቱ እንደሚያወጣ ቀድሞ አልተቆረጠም። ይህ ሐሳብ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ባልቲሞር አልለቀቀኝም፤ ባልቲሞር ስደርስም ተመሳሳዩን አገኘሁ።

ተርሚናሉ ውስጥ የሜትሮ አውቶቡስ ሹፌር የሆኑ አንድ ያገሬ ሰው ዕረፍት ላይ ነበሩ። ጋሼ እያልኩ አወራኋቸው። ረጅም ዓመት ነድተዋል። ስለ ቁጥጥር ስጠይቃቸው ወዲያው ወደ ሐዲዱ በእጃቸው አመለከቱ። «ያቺ አደጋ እዚሁ ታች ናት» አሉ። ሰኔ 22 ቀን 2009 በታኮማና በፎርት ቶተን መሐል አንዱ ባቡር የቆመውን ሌላ ባቡር ከኋላ ገጭቶ ዘጠኝ ሰው ሞተ፤ ሹፌሯም ከሟቾቹ ነበረች። በዚያን ጊዜ የሜትሮን ደኅንነት እንዲቆጣጠር ሕግ ያዘዘው የሁለቱን ክፍለ ግዛቶችና የዲሲን ኮሚቴ ነበር። ኮሚቴው የመቅጣት ሥልጣን አልነበረውም። ጥፋት ቢያይ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሜትሮ ቢዘገይ ኮሚቴው ይጠብቃል።

ሁለተኛው አደጋ በ2015 ጥር ላንፋንት ፕላዛ አጠገብ ደረሰ፤ ዋሻው ውስጥ በኤሌክትሪክ ብልሽት ጭስ ሞልቶ አንዲት ተሳፋሪ ሞተች፣ ብዙዎች ታፈኑ። ያኔ የፌዴራሉ ትራንዚት ባለሥልጣን ቁጥጥሩን ከክፍለ ግዛቶቹ እጅ ወስዶ ራሱ ያዘው። ሦስቱ መንግሥታት ጥርስ ያለው ኮሚሽን እስኪያቋቁሙ ድረስም ከትራንዚት እርዳታቸው አምስት በመቶውን አገደ። ኮሚሽኑን የሚያቋቁመው ሕግም በሦስቱም ምክር ቤቶች አለፈ። የዋሽንግተን ሜትሮሬይል ደኅንነት ኮሚሽን በመጋቢት 2019 ሥራውን ተረከበ።

ጋሼ የሚያስታውሱት 2021ን ነው። በጥቅምት አንድ ባቡር ከሐዲዱ ወጣ፤ መንኮራኩሮቹ በመካከላቸው ያለውን ልክ ርቀት ለቀው እንደነበር ታወቀ። ኮሚሽኑ በአንድ ትእዛዝ የ7000 ተከታታይ ዓይነት ፉርጎዎችን ሁሉ፣ 748ቱን፣ ከሐዲድ አስወጣ። ከሜትሮ ፉርጎዎች ስድሳ በመቶው ነበሩ። «ሰው እኛን አውቶቡስ ነጂዎቹን ነበር የሚቆጣው» አሉኝ። «ባቡር በሠላሳ ደቂቃ አንዴ ሆነ። እኔ ግን ለሰዎቹ እንዲህ እል ነበር፦ ዘግይቶ መድረስ ይሻላል። የሞቱትን አስታውሱ።» እኔም እንደሳቸው አስባለሁ። ደብዳቤ ከሚጽፈው ኮሚቴ ይልቅ ባቡር የሚያቆመው ኮሚሽን ለተሳፋሪው ይጠቅማል፤ ትእዛዙ ሕዝብን ቢያስቆጣም እንኳ።

ላንግሊ ፓርክ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኒው ካሮልተን

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ላንግሊ ፓርክ የወሰደኝ ካውንቲው የሚያስኬደው ራይድ ኦን የተባለው አውቶቡስ ነው፤ ሒሳብ አያስከፍልም። ላንግሊ ፓርክ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩበት፣ አውቶቡስ በብዛት የሚጠቀም ሰፈር ነው። በ2016 መጨረሻ የተከፈተው ጣሪያ ያለው የአውቶቡስ ማዕከል ሞልቶ ነበር፤ ሥራ ልብስ የለበሱ፣ ልጅ የታቀፉ፣ የገበያ ከረጢት የያዙ። ከነዚህ ሰዎች በላይ ፐርፕል ላይን የሚያስፈልገው የለም። ኮሌጅ ፓርክ ላይ ባቡሩ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መሐል ያልፋል። ኒው ካሮልተን ደርሼ ሐዲዱ የሚያበቃበትን አየሁና ወደ ማርክ ባቡር መድረክ ተሻገርኩ። ወደ ባልቲሞር የሚሄደውን ባቡር ከመያዜ በፊት ግን አናፖሊስ ደርሼ መመለስ ነበረብኝ።

አናፖሊስ

የሜሪላንድ ዋና ከተማ የመንገደኛ ባቡር የላትም። የመጨረሻው መስመር በ1950 ተዘጋ። አንድ ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ በመኪናው አደረሰኝ። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ ባለ እንጨት ጉልላት ነው፤ በአሜሪካ ሳይቋረጥ ሥራ ላይ ካሉ የክፍለ ግዛት ምክር ቤቶች አንጋፋው ነው። ሦስት ሰዎች የሚሰበሰቡት እዚህ ነው፦ አገረ ገዢው፣ ኮምፕትሮለሩ (የክፍለ ግዛቱ የሒሳብ ሹም) እና የግምጃ ቤት ኃላፊው። የሕዝብ ሥራዎች ቦርድ ይባላሉ። ቦርዱ የተቋቋመው በ1864 ሕገ መንግሥት ነው፤ ዛሬ አብዛኞቹ የክፍለ ግዛቱ ትልልቅ ውሎች ያለ እነሱ ድምፅ አይጸኑም። ከሦስቱ ኮምፕትሮለሩን ሕዝብ ይመርጠዋል፤ የግምጃ ቤት ኃላፊውን ምክር ቤቱ ይመርጠዋል። ስለዚህ ሁለቱ የአገረ ገዢው ተሿሚዎች አይደሉም፤ ፊቱ ላይ ሊጠይቁት፣ እምቢ ሊሉት ይችላሉ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው።

የፐርፕል ላይን ዋጋ በየጊዜው ሲጨምር የታወቀው በዚህ ጠረጴዛ ምክንያት ነው። የቁጣ ንግግር የተሰማበት፣ የትራንዚት ኃላፊዎች ቀርበው ለምን ሆነ ተብለው የተጠየቁበት ይኸው ነው። ይህን አደንቃለሁ። የጭማሪው ዜና ቢያምም፣ ድምፅ ተሰጥቶበት በስም ተመዝግቦ መቀመጡ የሕዝብን ገንዘብ ያከብራል።

ገንዘቡ የሚወጣው በ1971 ከተቋቋመው የትራንስፖርት ትረስት ፈንድ ነው። የቤንዚን ቀረጥ፣ የመኪና ስም ማዛወሪያ ቀረጥ፣ ከድርጅቶች የገቢ ግብር ድርሻ፣ የአውቶቡስና የባቡር ሒሳብ ሁሉ ወደ አንድ ካዝና ይገባል፤ አውራ ጎዳናውም፣ ወደቡም፣ የባልቲሞር አየር ማረፊያም፣ አውቶቡሱም ከዚያው ይቀዳሉ። ሜሪላንድ ለሜትሮ የሚገባትንም ድርሻ፣ በ2018 በየዓመቱ ልትሰጥ የተስማማችውን 167 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ፣ ክፍለ ግዛቱ ይከፍላል፤ በቨርጂኒያ ከተሞቹና ካውንቲዎቹ ይጋራሉ። የሜሪላንድ ዘዴ ጥሩ ጎን አለው። ደሀ ካውንቲ ስለደኸየ ብቻ አውቶቡስ አያጣም። ግን ካዝናው አንድ ሲሆን ቀዳዳውም አንድ ነው። መኪኖች ቤንዚን መቆጠብ ሲጀምሩ ቀረጡ ሳሳ፤ የሥራ ዋጋ ናረ። በ2023 መጨረሻ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ከስድስት ዓመት ዕቅዱ ላይ 3.3 ቢሊዮን ዶላር መቀነስ እንዳለበት ሲያስታውቅ፣ አውቶቡሱም ድልድዩም አብረው ተንቀጠቀጡ።

በየዓመቱ መስከረምና ጥቅምት የትራንስፖርት ኃላፊው ረቂቅ ዕቅዱን ይዞ 23ቱን ካውንቲዎችና ባልቲሞርን ይዞራል። እንዲዞር ሕጉ ያስገድደዋል። የካውንቲ ሹማምንት ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይለምናሉ። ልመና ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ረቂቁን የሚያዘጋጀው፣ አሻሽሎ የሚመልሰውም ያው መሥሪያ ቤት ነው። ምክር ቤቱ በጀቱን ያያል፤ ቦርዱ ውሉን ያያል፤ ግን አንድን መስመር ከዕቅድ ለማውጣት ያንን ሁሉ ደጅ ማንኳኳት አያስፈልግም። ይህ የታየው ሰኔ 25 ቀን 2015 ነው።

አገረ ገዢ ላሪ ሆጋን ሥልጣን ከያዘ ገና ስድስት ወር አልሞላውም ነበር። ሁለት የባቡር ፕሮጀክቶች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ለእያንዳንዳቸው ዋሽንግተን 900 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብላለች። ፐርፕል ላይን እንዲቀጥል ፈቀደ፤ ክፍለ ግዛቱ የሚያወጣውን ወደ 168 ሚሊዮን ዝቅ አድርጎ ሁለቱ ካውንቲዎች ድርሻቸውን ከፍ እንዲያደርጉ ጠየቀ። ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ተስማሙ፤ የሚጨምሩት ነበራቸው። ሁለተኛው የባልቲሞር ሬድ ላይን ነበር (ከሜትሮው ሬድ ላይን ጋር ስሙ እንጂ ሌላ ግንኙነት የለውም)፤ እሱን ሰረዘው። ባልቲሞር በራሷ ኪስ መስመሩን ልታድን አትችልም ነበር። ይህ የሆነው ፍሬዲ ግሬይ የተባለ ወጣት በፖሊስ እጅ ሳለ ተጎድቶ መሞቱን ተከትሎ ከተማዋ በተቃጠለች በሁለት ወሩ ነው።

ባልቲሞር

የማርክ ባቡር ዌስት ባልቲሞር ጣቢያ ሲያወርደኝ መጀመሪያ የታየኝ ጉድጓድ ነው። አውራ ጎዳና ነው፤ ከሰፈሩ ዝቅ ብሎ የተቆፈረ፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ ከየትም ጋር ሳይገናኝ የሚያልቅ። በ1970ዎቹ ሲሠራ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ቤቶች ፈረሱለት፤ አብዛኞቹ የጥቁር ቤተሰቦች ነበሩ። መንገዱ ከዋናው አውራ ጎዳና ጋር ሊያያዝ ታስቦ፣ በሌሎች ሰፈሮች ተቃውሞ ተቋርጦ ቀረ። የባልቲሞር ሰው ወደ የትም የማይወስደው አውራ ጎዳና ይለዋል። ሬድ ላይን በዚህ ጉድጓድ መሐል ሊያልፍ ነበር።

መስመሩ ከምዕራብ፣ የፌዴራሉ የጡረታ መሥሪያ ቤት ካለበት ከዉድላውን፣ ተነሥቶ በመሐል ከተማ በዋሻ አልፎ በስተምሥራቅ ቤይቪው የተባለው ሆስፒታል ጋ ሊደርስ ታቅዶ ነበር፤ 14 ማይል፣ 2.9 ቢሊዮን ዶላር። ሆጋን የዋሻው ዋጋ ብቻ አንድ ቢሊዮን ነው፣ አያዋጣም አለ። ዋሻው ውድ እንደነበር አልክድም፤ የሕዝብ ገንዘብ የያዘ ሰው ዋጋ መጠየቁም ተገቢ ነው። ግን ለንድፍና ለጥናት ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል፤ ያንን ውሃ በላው። የዋሽንግተኑ 900 ሚሊዮንም ለባልቲሞር ሳይሰጥ ቀረ። ክፍለ ግዛቱ ለመስመሩ የመደበው ገንዘብ ወደ ሌሎች አካባቢዎች መንገዶች ሄደ። በታኅሣሥ 2015 የመብት ድርጅቶች ለፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አቤቱታ አስገቡ፦ የጥቁሮች ሰፈር ሊደርሰው የነበረ ገንዘብ ነጮች ወደሚበዙበት ተዛውሯል፣ የዜጎች መብት ሕግ ተጥሷል ሲሉ። አስተዳደር ተቀየረና አቤቱታው በ2017 ያለ ብይን ተዘጋ።

ባልቲሞርን ከሌሎች ትልልቅ የአሜሪካ ከተሞች የሚለያት አለ። አውቶቡሷ ከ1970 ጀምሮ፣ ሜትሮዋና ቀላል ባቡሯም ከተሠሩ ጀምሮ በክፍለ ግዛቱ እጅ ናቸው። ከንቲባው አንድ ፌርማታ እንኳ በራሱ ማዛወር አይችልም። ከተማዋ ራሷ የምታስኬደው በነጻ የሚሄደውን ሰርኩሌተር የተባለ አውቶቡስ ነው፤ ገንዘቡ ከመኪና ማቆሚያ ቀረጥ ይመጣል። አገረ ገዢው ሲወድ ነገሩ ይፈጥናል፦ የቀድሞው የባልቲሞር ከንቲባ ዊሊያም ዶናልድ ሼፈር አገረ ገዢ በሆነ ጊዜ ቀላል ባቡሩ ለአዲሱ የቤዝቦል ስታዲየም መክፈቻ በ1992 ደረሰ። ብዙ ቦታ ላይ በአንድ ሐዲድ ብቻ ስለተሠራ ግን ከዓመታት በኋላ ሁለተኛውን ለመጨመር እንደገና መቆፈር፣ መዝጋት ግድ ሆነ። ገዢው ሳይወድ ደግሞ ከተማዋ የሰው እጅ ታያለች።

በ2018 የካቲት የባልቲሞር ሜትሮ ሐዲዱ አልቆ ለወር ገደማ በድንገት ተዘጋ። ሥራና ሆስፒታል የሚሄደው ሰው ወደ አውቶቡስ ተገፋ። አዲስ አበባን ያነሣሁት ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የሜሪላንድ ምክር ቤት ክፍለ ግዛቱ ለትራንዚት ጥገና በየዓመቱ ከተወሰነ መጠን በታች እንዳያወጣ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ሆጋን ሕጉን በቬቶ መለሰው፤ ምክር ቤቱ በ2021 ታኅሣሥ ቬቶውን ሽሮበት ሕጉ ጸና። በጉዞዬ ካየኋቸው የወረቀት ሥራዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። የሪባን መቁረጫ ሥዕል የለውም፤ ሐዲዱ ግን የሚታደሰው በሱ ነው።

ሬድ ላይን ሲሰረዝ ምትክ ተብሎ የተሰጠው የ135 ሚሊዮን ዶላር የአውቶቡስ ማሻሻያ ነበር፤ በ2017 ሰኔ ሥራ ጀመረ። ሲቲሊንክ ብሉ የተባለው አውቶቡስ ባቡሩ ሊሄድበት በነበረው አቅጣጫ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋርጣል። እሱን ያዝኩ። ሞልቶ ነበር። ለአውቶቡስ ብቻ ተብሎ ቀይ ቀለም የተቀባ መስመር መሐል ከተማ አለ፤ የጭነት መኪና ቆሞበት አውቶቡሱ ዞሮ አለፈው። በዚህ ከተማ ከአራት ቤት አንዱ ግድም መኪና የለውም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ይሠራሉ፤ ተራቸው ከሰዓት በኋላ ነው። ባቡሩ ይመጣል ሲባል ልጃቸው ትንሽ እንደነበር ነገሩኝ፤ አሁን ልጁ ራሱ ሥራ ይሄዳል፣ በዚሁ አውቶቡስ።

በሰኔ 2023 አገረ ገዢ ዌስ ሙር እዚያው ዌስት ባልቲሞር ጣቢያ ቆሞ ሬድ ላይንን እንደሚያስነሣው አስታወቀ፤ በዓመቱ ቀላል ባቡር እንዲሆን ተመረጠ። በዚያው 2023 የባልቲሞር አካባቢ ትራንዚት ኮሚሽን የሚባል አካል በሕግ ተቋቁሟል፤ ዕቅድ ያያል፣ ይመክራል፤ ካዝና ግን የለውም። ሴትዮዋን ያንን ዜና ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ሰምቻለሁ» አሉ። «በፊትም ሰምቼ ነበር። አንዱ ሰው ሰጠን፣ አንዱ ወሰደብን፣ ይኼ ደግሞ ልስጣችሁ ይላል። ከዚህ በኋላ የሚመጣውስ?»

ጥያቄያቸውን ይዤ ቤይቪው ወረድኩ። መልሱ በሕግ ሊጻፍ የሚችል ነው። አንድ መስመር የፌዴራል ገንዘብ ተፈቅዶለት፣ ንድፉ አልቆ፣ ወጪ ከወጣበት በኋላ ሲሰረዝ፣ ልክ እንደ ትልቅ ውል በዚያ የሦስት ሰው ጠረጴዛ ላይ በግልጽ ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበት፤ ምክር ቤቱም ይይበት። ባልቲሞርና ዙሪያዋ ደግሞ የራሳቸው የሆነ የትራንዚት ቀረጥ የመጣል ሥልጣን ይኑራቸው፤ ትንሽ ቢሆንም፣ ሞንትጎመሪ በ1988 ያንን አሮጌ የሐዲድ መሬት እንደገዛችው፣ ድርሻ ያስይዛቸዋል። ሌላውን ክፍለ ግዛቱ ይሙላ፤ አቅም የሌለው ከተማ ስለሆነ ብቻ ባቡር አይጣ። በ2015 ሰኔ ይህ ሕግ ቢኖር ኖሮ ሬድ ላይን ምናልባት ይሰረዝ ነበር፤ ቢያንስ ግን ኮምፕትሮለሩና የግምጃ ቤት ኃላፊው በስማቸው ድምፅ ሰጥተው፣ ምክንያቱ ተጽፎ፣ የዌስት ባልቲሞር ሰው ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቅ ነበር።